ከመቶኛው በፊት የቦይለሩ ዕድሜ፦ ዩኒቨርሲቲዎች የካርቦን ልቀት ቅነሳ ግብ እንዴት ያውጡ

ክቡራትና ክቡራን፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በአዳራሹ ውስጥ የጥገና መሐንዲሶች፣ የፋይናንስ ኃላፊዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች አላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ከግቢው የሚወጣውን የካርቦን ልቀት ለመቀነስ ግብ ሲያወጣ ሁላችሁም ድርሻ ስላላችሁ፣ ንግግሬን ሁላችሁም በምትከታተሉት መልክ ለማቅረብ እሞክራለሁ።

ዋናውን ሐሳቤን ከመነሻው ልናገር። «በዚህ ዓመት ልቀታችንን በዚህን ያህል በመቶ እንቀንሳለን» የሚለው ቁጥር ከሁለት አቅጣጫ ተሰልቶ መምጣት አለበት። አንደኛው ስሌት ከላይ ይነሳል፤ የአየር ንብረት ሳይንስ ምን ያህል ቅነሳ እንደሚጠይቅ ያሳያል። ሁለተኛው ከታች ይነሳል፤ በግቢው ያለ እያንዳንዱ ቦይለር (ሕንፃ ለማሞቅ ውሃ የሚያፈላ ማሽን)፣ ቺለር (ሕንፃ ለማቀዝቀዝ ውሃ የሚያቀዘቅዝ ማሽን)፣ ጄነሬተርና የአየር ማናፈሻ መቼ እንደሚያረጅ፣ በምን እንደሚተካና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይዘረዝራል። ብዙ ግቦች የሚሰናከሉት የላይኛው ስሌት ብቻ ተይዞ ስለሚፈረም ነው። የታችኛው ዝርዝር የሌለው ግብ ምኞት ነው፤ በበጀት ስብሰባ ላይ የሚከራከርለት ሰው አያገኝም።

ታሪኩም ይህንኑ ይነግረናል። በ2007 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶች የአየር ንብረት ቃል ኪዳን ይፋ ሆነ። የፈረመ ፕሬዚዳንት ተቋሙ ወደ ካርቦን ገለልተኝነት (የሚለቀው ካርቦን ከሚያስወግደው ወይም ከሚያካክሰው ጋር እኩል ወደሚሆንበት ደረጃ) እንደሚሄድ ቃል ይገባል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ልቀቱን ይቆጥራል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ደግሞ ግቡ የሚደረስበትን ዓመት የያዘ ዕቅድ ያቀርባል። ቃል ኪዳኑ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ ብዙ ተቋማት ልቀታቸውን በሥርዓት መቁጠር የጀመሩት በእሱ ግፊት ነው። ቅደም ተከተሉን ግን ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ፊርማው፣ ቀጥሎ ቆጠራው፣ መጨረሻ ላይ ዕቅዱ። የምድር ቤቱን ማሽን የሚያውቀው ሰው የሚጠየቀው ቃሉ ከተሰጠ በኋላ ነው።

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2013 «በ2025 ከራሴ ሕንፃዎችና ተሽከርካሪዎች ልቀት ካርቦን ገለልተኛ እሆናለሁ» ሲል አስታወቀ። ከግቢዎቹ በርካታዎቹ በተፈጥሮ ጋዝ ኤሌክትሪክና ሙቀት አብረው የሚያመነጩ ጣቢያዎች ነበሯቸው። እንዲህ ያለ ጣቢያ ዘመኑ ሳያልቅ ነቅሎ ሙሉውን የሙቀት መስመር መቀየር በ12 ዓመት የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ስለዚህ በተባለው ዓመት ለመድረስ የቀረው መንገድ የካርቦን ማካካሻ በብዛት መግዛት፣ ማለትም ሌላ ቦታ ለሚደረግ ቅነሳ ከፍሎ የራስን ልቀት ማቻቻል፣ ሆነ። በ2023 ፖሊሲው ተቀየረ፤ ዓመቱ ወደ 2045 ተራዘመ፣ በምትኩ ግን ልቀቱ ከ2019 መጠን ቢያንስ 90 በመቶ በቀጥታ እንዲቀንስ ተወሰነ። ይህን እንደ ማፈግፈግ የሚያዩት አሉ። በእኔ ግምት ሁለተኛው ግብ ከመጀመሪያው የጠነከረ ነው፤ ምክንያቱም ጋዙን ከግቢው ማስወጣት ግድ ያደርጋል። የጠፋው ጊዜ ግን አይመለስም፤ የታችኛው ስሌት ከመጀመሪያው ቢሠራ ኖሮ ብዙው ይተርፍ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው እርምጃ ወሰን ማበጀት ነው፤ የቱ ልቀት የእኛ ነው? የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል የተባለው የቆጠራ ደረጃ ልቀትን በሦስት ይከፍላል። ስኮፕ 1 በግቢው ውስጥ በቀጥታ የሚወጣው ነው፦ የቦይለር ጋዝ፣ የጄነሬተር ናፍጣ፣ የተሽከርካሪ ነዳጅ፣ ከማቀዝቀዣ የሚያፈተልክ ጋዝ። ስኮፕ 2 ከውጭ በሚገዛ ኤሌክትሪክ፣ እንፋሎት ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ምክንያት ሌላ ቦታ የሚወጣው ነው። ስኮፕ 3 የቀረው ሁሉ ነው፦ የአውሮፕላን ጉዞ፣ የተማሪዎችና የሠራተኞች ምልልስ፣ የሚገዛ ዕቃ፣ ግንባታ፣ ቆሻሻ፤ በ15 ምድቦች ተዘርዝሯል። ወሰኑ ሲሰመር ሁልጊዜ የሚያከራክሩ ቦታዎች አሉ፤ የተከራየ ሕንፃ፣ በግል ድርጅት የሚተዳደር የተማሪዎች መኖሪያ፣ የማስተማሪያ ሆስፒታል፣ የእርሻ ምርምር ጣቢያ። ለእነዚህ ጥሩው ደንብ «ማሽኑን የሚያዝዘው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ቦይለሩን የመቀየር ሥልጣን ያላችሁ ከሆነ ልቀቱ የእናንተ ስኮፕ 1 ነው። ከሁሉ የከፋው የማስተማሪያ ሆስፒታሉን በዝምታ መተው ነው፤ ከግቢው ትልቁ ተጠቃሚ እሱ ሊሆን ይችላልና።

በቆጠራው ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የማቀዝቀዣ ጋዝ ነው። አር-410ኤ የተባለው በአየር ማቀዝቀዣዎች የሚገኝ ጋዝ አንዱ ኪሎ ከ2,000 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ያሞቃል፤ በምግብ ማቀዝቀዣ ክፍሎች የሚገኘው አር-404ኤ ወደ 4,000 ኪሎ ይጠጋል። በከፍተኛ ቮልቴጅ መቆጣጠሪያዎችና በአንዳንድ የፊዚክስ ላብራቶሪዎች ያለው ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ደግሞ አንዱ ኪሎ ከ23,000 ኪሎ በላይ ነው። የፈሰሰው መጠን በቀጥታ አይለካም፤ የሚታወቀው በተሞላው መጠን ነው። በዓመት ውስጥ ለነባር ማሽኖች 100 ኪሎ ጋዝ ከተሞላ፣ 100 ኪሎ ገደማ ወጥቷል ማለት ነው። ይህ መረጃ የሚገኘው በጥገና ኮንትራክተሩ ደረሰኝ ላይ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ «ጋዝ ተሞልቷል» ብቻ ተብሎ ያልፋል። ስለዚህ የጥገና ውሉ ላይ የጋዙ ዓይነትና ክብደት በኪሎ እንዲጻፍ የሚያስገድድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ።

ቀጥሎ የመነሻ ዓመት ይመጣል። ግቡ «ከ2019 መጠን» ወይም «ከ2015 መጠን» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የመነሻው ዓመት ያልተለመደ ከሆነ ግቡ በሙሉ ይዛባል። ግቢዎች የተዘጉበት 2020 መነሻ ቢደረግ ግቡ የማይደረስ ይሆናል። እጅግ ቀዝቃዛ ክረምት የነበረበት ዓመት ቢመረጥ ደግሞ ምንም ሳይሠራ ቅነሳ የተገኘ ይመስላል። የሚመከረው ተከታታይ ሦስት ዓመት ወስዶ አማካዩን መያዝ ነው። ወሰኑ ሲቀየር፣ ለምሳሌ አንድ ኮሌጅ ሲዋሃድ ወይም የቆጠራ ስህተት ሲገኝ፣ መነሻውም እንደገና ይሰላል። ብዙዎች ለውጡ ከጠቅላላው 5 በመቶ ሲያልፍ እንደገና እናሰላለን የሚል ደንብ ያወጣሉ። ደንቡ ከግቡ ጋር አብሮ መጻፍ አለበት፤ በኋላ ከተጻፈ ውጤቱን ለማሳመር ነው የሚል ጥርጣሬ አያመልጥም።

ቁጥሮቹ ላይ የሚፈጠሩ ስህተቶችም ይደጋገማሉ። የጋዝ ሂሳብ በሜትር ኩብ ይመጣል፣ ማባዣው (ፍጆታን ወደ ልቀት የሚለውጠው ቁጥር) ግን በኪሎዋት ሰዓት ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ የተፈጥሮ ጋዝ ከ10 እስከ 11 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ከዚያም የጋዙ ሙቀት በሁለት መንገድ ይለካል፦ ከቃጠሎው የሚወጣው የውሃ ትነት ሙቀት ተቆጥሮበት ወይም ሳይቆጠርበት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 10 በመቶ ነው። የአንዱን ማባዣ በሌላው ቁጥር ላይ የሚጠቀም ሰው ገና ምንም ሳይሠራ 10 በመቶ ተሳስቷል። የኤሌክትሪክ ሂሳብም አንዳንድ ወር በግምት ይመጣና በሚቀጥለው ይስተካከላል። በጀቱ ዓመት መካከል ላይ የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ የቀን መቁጠሪያው ዓመትና የበጀቱ ዓመት ይደባለቃሉ። አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው በእሱ መቆየት ነው።

አሁን አንድ ግቢ በምሳሌነት እንውሰድ፤ ቁጥሮቹን ለስሌት ያመጣኋቸው ናቸው። በዓመት 40 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ጋዝ ያቃጥላል፤ ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት በ0.18 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲባዛ 7,200 ቶን። 30 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይገዛል፤ የኤሌክትሪክ መረቡ በኪሎዋት ሰዓት 0.4 ኪሎ የሚለቅ ከሆነ 12,000 ቶን። 150,000 ሊትር ናፍጣ በ2.68 ኪሎ ሲባዛ 400 ቶን ገደማ። 100 ኪሎ የአር-410ኤ ፍሳሽ 200 ቶን ገደማ። ጠቅላላው ወደ 19,800 ቶን ይሆናል።

የላይኛው ስሌት እዚህ ይገባል። የመንግሥታቱ ድርጅት የአየር ንብረት ሳይንስ ጉባኤ በ2018 ባወጣው ዘገባ፣ የዓለም ሙቀት ጭማሪ በ1.5 ዲግሪ እንዲገታ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ2010 መጠን በ2030 ወደ 45 በመቶ መቀነስ፣ በ2050 አካባቢ ደግሞ የተጣራ ዜሮ (የሚለቀቀውና ከአየር የሚወገደው እኩል የሚሆንበት) መድረስ እንዳለበት አስቀምጧል። ለድርጅቶች በሳይንስ ላይ የተመሠረተ ግብ የሚያጸድቀው ተነሳሽነት ይህን ወደ ቀላል ደንብ አውርዶታል፤ ለስኮፕ 1 እና 2 በየዓመቱ ከመነሻው መጠን ቢያንስ 4.2 በመቶ። በ10 ዓመት 42 በመቶ ማለት ነው። የእኛ ግቢ ከ19,800 ወደ 11,500 ቶን ገደማ መውረድ አለበት፤ ቅነሳው 8,300 ቶን ነው።

ነገር ግን ዩኒቨርሲቲዎች ያድጋሉ። የሕንፃዎቹ ወለል ስፋት በየዓመቱ 2 በመቶ ቢጨምር በ10 ዓመት 22 በመቶ ይሆናል፤ የኃይል አጠቃቀሙም አብሮት ካደገ፣ ምንም ባይሠራ ልቀቱ 24,000 ቶን ያልፋል። ያኔ 11,500 ላይ ለመድረስ የሚያስፈልገው ቅነሳ 8,300 መሆኑ ይቀርና ከ12,600 ቶን በላይ ይሆናል። ማስተር ፕላኑን የሚያዘጋጀው ክፍልና የካርቦን ግቡን የሚያዘጋጀው ክፍል ካልተነጋገሩ፣ የግቡ አንድ ሦስተኛ ገና ከመነሻው ተበልቷል። እዚህ ላይ «በተማሪ» ወይም «በካሬ ሜትር» የሚለካ ግብ ይቅረብ የሚል ሐሳብ መነሳቱ አይቀርም። እነዚህ መለኪያዎች ሕንፃን ከሕንፃ ለማወዳደር ይጠቅማሉ፤ ዋና ግብ መሆን ግን የለባቸውም። ብዙ ባዶ አዳራሽ የሠራ ዩኒቨርሲቲ በካሬ ሜትር ሲለካ የተሻለ ይመስላል፣ ወደ ሰማይ የሚወጣው ጋዝ ግን ጨምሯል። ግቡ በጠቅላላ ቶን ይጻፍ።

የመጨረሻው ዓመት ብቻ የተጻፈበት ግብም በቂ አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማቻል። ከ20,000 ቶን ተነስቶ በ10 ዓመት 10,000 ላይ መድረስ ያለበትን ተቋም አስቡ። በየዓመቱ 1,000 ቶን እየቀነሰ ቢሄድ በ10 ዓመት ውስጥ የሚለቀው ድምር 145,000 ቶን ነው። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በዐሥረኛው በአንድ ጊዜ ቢቀንስ ግን 190,000 ቶን ይለቃል። ሁለቱም «ግባችንን አሳክተናል» ይላሉ፤ በመካከላቸው ግን የ45,000 ቶን ልዩነት አለ። ስለዚህ የግቡ ሰነድ የመድረሻ ዓመት ብቻ ሳይሆን የዓመታቱን ድምር፣ ማለትም የካርቦን በጀት፣ ይያዝ። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከ2007 መጠን አንጻር በ2015 33 በመቶ፣ በ2020 67 በመቶ፣ በ2050 100 በመቶ ብሎ በደረጃ ማስቀመጡ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የቅርቡ ደረጃ ከ2011 ጀምሮ በተሠራ ስሙ በሚታወቅ ሥራ፣ የእንፋሎት መስመሩን በሙቅ ውሃ መስመር በመተካት፣ ላይ ተደግፎ ነበር። የቅርብ ግብ እንዲህ ሥራው በስም ሲጠራ ነው የሚታመነው።

ወደ ታችኛው ስሌት ልውረድ፤ ብዙ ጊዜ መስጠት ያለብንም ለዚህ ነው።

በአንድ ሰንጠረዥ ላይ የግቢውን ነዳጅ የሚያቃጥሉ ማሽኖች ሁሉ አስፍሩ፦ የተተከሉበት ዓመት፣ አቅም፣ የዓመት ፍጆታ፣ የቀራቸው ዕድሜ። ቦይለር ከ25 እስከ 30 ዓመት ያገለግላል። የግቡ ዓመት 2045 ከሆነ፣ ዛሬ የሚተከል የጋዝ ቦይለር በዚያን ዓመትም ቆሞ ይጠብቃችኋል። ያን ጊዜ ወይ ዕድሜው ሳያልቅ ነቅሎ መጣል ነው፣ ወይ ግቡን ማፍረስ። የሚበዛው ኪሳራ የሚመጣው ግን ከአስቸኳይ ግዢ ነው። ቦይለር የሚሰበረው በብርዱ መካከል፣ ሥራ በበዛበት ወቅት ነው፤ የጥገና ኃላፊው ሕንፃውን በሁለት ሳምንት ማሞቅ ስላለበት ያንኑ ዓይነት ቦይለር ያዝዛል፣ የቀጣዩ ሩብ ምዕት ዓመት ልቀትም በዚያ ትእዛዝ ይወሰናል። ኃላፊው ጥፋት የለበትም፤ ሌላ የተዘጋጀ አማራጭ አልተሰጠውም። መድኃኒቱ ከአምስት ዓመት ያነሰ ዕድሜ ለቀረው ለእያንዳንዱ ቦይለር የመተኪያውን ዲዛይን አስቀድሞ ሠርቶ ማስቀመጥ፣ እስከዚያም በኪራይ የሚመጣ ጊዜያዊ ቦይለር የሚገጠምበትን ቧንቧ ማዘጋጀት ነው።

በምን ይተካ? አብዛኛውን ጊዜ በሂት ፓምፕ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ እየሠራ ከአየር፣ ከውሃ ወይም ከመሬት ሙቀት ስቦ ወደ ሕንፃው በሚያስገባ ማሽን። ስሌቱ ግን በየቦታው ይለያያል። 90 በመቶ ብቃት ያለው የጋዝ ቦይለር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ለመስጠት 0.2 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ወስዶ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት የሚሰጥ ሂት ፓምፕ፣ መረቡ 0.4 ከሆነ 0.13 ኪሎ ይለቃል። መረቡ 0.6 ከሆነ ከጋዙ ጋር እኩል ይሆናል፤ ከዚያ በላይ በከሰል በተሞላ መረብ ላይ ለጊዜው ከጋዙ የበለጠ ይለቃል። በቀጥታ በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያሞቅ ማሽን ደግሞ በዚያው 0.4 መረብ ላይ ከጋዝ ቦይለር እጥፍ ይለቃል። ስለዚህ የመረቡን የወደፊት አቅጣጫ ሳያዩ «ሁሉንም ወደ ኤሌክትሪክ» ብሎ መወሰን ትክክል የሚሆነው አንዳንድ ቦታ ብቻ ነው። በተቃራኒው በጋዝ ኤሌክትሪክና ሙቀት አብሮ የሚያመነጭ ጣቢያ መረቡ በከሰል ሲሞላ ልቀት ይቀንስ ነበር፤ መረቡ እየጸዳ ሲሄድ ያው ጣቢያ የግቢው ትልቁ ልቀት አመንጪ ይሆናል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2015 እንዲህ ያለውን ጣቢያውን ዘግቶ፣ ሕንፃዎችን ከማቀዝቀዝ የሚወጣውን ሙቀት ሰብስቦ ሌሎችን የሚያሞቅ ሥርዓት ተክሏል። ሆስፒታልና ላብራቶሪ ያለበት ግቢ አንዱ ሕንፃ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት ሌላው ስለሚሞቅ፣ ያ ሙቀት በማቀዝቀዣ ማማ በኩል ወደ ሰማይ መጣሉ የሚያንገበግብ ብክነት ነው። ቦል ስቴት ዩኒቨርሲቲም የከሰል ቦይለሮቹን ከ3,000 በላይ ጉድጓዶች ባሉት የከርሰ ምድር የሙቀት ልውውጥ ሥርዓት ተክቶ በ2014 ከሰል ማቃጠል አቁሟል።

ሂት ፓምፕ ሲታሰብ የሚያደናቅፉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የውሃው ሙቀት ነው። ብዙ አሮጌ ሕንፃዎች ራዲያተሮቻቸው የተሠሩት 80 ዲግሪ ለሚሆን ውሃ ነው፤ ሂት ፓምፕ ግን ብቃቱ የሚያምረው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ነው። የትኛው ሕንፃ በዝቅተኛ ሙቀት ሊኖር እንደሚችል ለማወቅ ርካሹ መንገድ ሙከራ ነው፤ በቀዝቃዛ ሳምንት የመስመሩን ሙቀት በየቀኑ 5 ዲግሪ እየቀነሱ ቅሬታ የሚመጣበትን ክፍል መመዝገብ። ቅሬታው ከጥቂት ክፍሎች ብቻ ከመጣ፣ የእነዚያን ክፍሎች ራዲያተር ማሳደግ ወይም መስኮታቸውን ማሻሻል ሙሉውን ሕንፃ ከማደስ እጅግ ይረክሳል። የሚቀርበው የገላ ውሃ ግን የሌጂዮኔላ ባክቴሪያ እንዳይራባበት በማጠራቀሚያው 60 ዲግሪ መቆየት ስላለበት በዚህ ሙከራ አይነካም፤ የራሱ አነስተኛ ማሞቂያ ይበጅለታል። ሁለተኛው እንቅፋት የኤሌክትሪክ አቅም ነው። ሙቀቱ ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞር የግቢው ከፍተኛ ጭነት ይጨምራል፤ ትራንስፎርመርና ኬብል ይጠበዋል። ከኃይል አቅራቢው ተጨማሪ አቅም ማስፈቀድና ትራንስፎርመር ማስመጣት ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማመልከቻ የሚገባው ሂት ፓምፑ ሲታዘዝ ሳይሆን ግቡ ሲጻፍ ነው።

ላብራቶሪዎች ለብቻቸው ይታዩ፤ ከወለል ስፋታቸው በላይ ኃይል ይበላሉ፣ ምክንያቱም አየሩ ከተሞቀ ወይም ከቀዘቀዘ በኋላ አንዴ ብቻ አልፎ ይጣላል። የአየር ማራገቢያ የሚወስደው ኃይል ከፍሰቱ ጋር በኪዩብ ነው የሚያድገው፤ ፍሰቱን በ20 በመቶ መቀነስ የማራገቢያውን ኃይል ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። መርዛማ ጭስን ስበው ከላብራቶሪው የሚያስወጡት ሳጥኖች ላይ «የሳጥኑን መስኮት ዝጉ» የሚል ዘመቻ ይካሄዳል፤ ዘመቻው የሚጠቅመው ግን ፍሰቱ ከመስኮቱ ጋር አብሮ የሚቀንስ መቆጣጠሪያ ካለ ብቻ ነው። ፍሰታቸው ቋሚ በሆኑት ላይ ሰው መስኮቱን ቢዘጋም ማራገቢያው ያንኑ ይስባል። መጀመሪያ መቆጣጠሪያው፣ ከዚያ ዘመቻው። ናሙና የሚቀመጥባቸውን ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ማቀዝቀዣዎች ወደ 70 ማድረስ ፍጆታቸውን በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ የደህንነትና የምርምር ኃላፊዎች ግን ቀድመው መስማማት አለባቸው።

የየሥራውን ቅነሳ ስትደምሩ ተጠንቀቁ። የኤሌክትሪክ ፍጆታን 20 በመቶ ብትቀንሱና መረቡ ደግሞ 25 በመቶ ቢጸዳ፣ ድምሩ 45 በመቶ አይደለም፤ 0.8 በ0.75 ሲባዛ 0.6 ነውና 40 በመቶ ነው። በዕቅድ ሰነዶች ላይ ይህ ስህተት በተደጋጋሚ ይገኛል። ከመረቡ መጽዳት የሚመጣው ቅነሳም በተለየ መስመር ይጻፍ፤ ዩኒቨርሲቲው ያልሠራውን እንደ ራሱ ሥራ እንዳያቀርብ፣ መረቡ ሳይጸዳ ቢቀርም ክፍተቱ የት እንደሆነ እንዲታወቅ።

ስለ ኤሌክትሪክ ግዢ በአጭሩ። ከ2015 ጀምሮ የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮሉ የስኮፕ 2 ልቀት በሁለት መንገድ እንዲዘገብ ይጠይቃል፤ አንደኛው በአካባቢው መረብ አማካይ፣ ሌላው በገዛችሁት ውልና የምስክር ወረቀት። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያሳይ ዘገባ ውሃ አያነሳም። የታዳሽ ኃይል ምስክር ወረቀት (ኃይሉ ከታዳሽ ምንጭ መመንጨቱን የሚያረጋግጥ፣ ከኃይሉ ተለይቶ የሚሸጥ ሰነድ) ብቻውን ከነባር ጣቢያ መግዛት አዲስ ኃይል አያስገነባም። ረጅም ዘመን ውል ግን ጣቢያው ብድር አግኝቶ እንዲገነባ ያስችላል፤ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ2016 ከሁለት ሌሎች ተቋማት ጋር ሆኖ በሰሜን ካሮላይና ለ60 ሜጋዋት የፀሐይ ጣቢያ የፈረመው ውል የዚህ ዓይነት ነው። እንጨት ማቃጠልም ቢሆን ፕሮቶኮሉ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ካርቦን ለብቻ እንዲዘገብ ያዛል። ዛፉ እስኪበቅል የሚወስደው ዘመን ከግቡ ዓመት ሊረዝም ስለሚችል ቁጥሩን ሳትደብቁ አሳዩት።

ማካካሻን በተመለከተ አቋሜ ጥብቅ ነው። የመጨረሻዎቹ 5 ወይም 10 በመቶ፣ ማለትም በቴክኖሎጂ ገና መንገድ ያልተገኘላቸው ልቀቶች፣ ካርቦን ከአየር አውጥቶ ለረጅም ዘመን በሚያስቀምጥ ሥራ ይካካሱ። ከዚያ በላይ ያለው የማካካሻ ገንዘብ በየዓመቱ ይወጣል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እንደገና ይጠየቃል፤ ቧንቧው ላይ ቢውል ኖሮ ለሠላሳ ዓመት ይሠራ ነበር።

ስኮፕ 3 ላይ ግብ ማውጣት ከባድ ነው፤ ያም ሆኖ መተው አይቻልም፣ በግዢና በግንባታ በኩል ከስኮፕ 1 እና 2 ሊበልጥ ይችላልና። ችግሩ መለኪያው ነው። ግዢ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው በወጣው ገንዘብ ተባዝቶ ነው፤ ስለዚህ ዋጋ ሲንር ልቀቱ የጨመረ ይመስላል፣ የተሻለና ዝቅተኛ ልቀት ያለው ዕቃ በውድ ሲገዛ ደግሞ ቁጥሩ ይባስ ይወጣል። በእንዲህ ያለ መለኪያ ላይ የመቶኛ ግብ መጫን የግዢ ክፍሉን ወደ ርካሽ ዕቃ ብቻ ይገፋዋል። እስኪሻሻል ድረስ ግቡ የተግባር ግብ ይሁን፦ ለምሳሌ ትልልቆቹ አቅራቢዎች የዕቃቸውን ልቀት እንዲያቀርቡ፣ የአዲስ ሕንፃ ሲሚንቶና ብረት የካርቦን ጣሪያ እንዲኖረው፣ ኮምፒውተር ከመቀየሩ በፊት ተጨማሪ አንድ ዓመት እንዲያገለግል። የአውሮፕላን ጉዞ ግን በኪሎሜትር በደንብ ይለካል፤ የቶን ግብ ይቻላል። ሁለት ጉድለቶችን ብቻ ተጠንቀቁ። በጉዞ ወኪሉ በኩል ያልተገዛ፣ በኋላ በደረሰኝ የሚተካ ትኬት ከመዝገቡ ያመልጣል። በረራ በከፍታ ላይ የሚያደርሰው ተጨማሪ ሙቀት (ብዙዎች ልቀቱን በ1.7 ያባዙታል) በአንድ ዓመት ተጨምሮ በሌላው ከተተወ ደግሞ ንጽጽሩ ይፈርሳል።

ገንዘቡስ? የኃይል ሂሳቡን የሚከፍለው ማዕከሉ ሲሆን፣ ኃይሉን የሚጠቀመው ፋኩልቲ የሚቆጥብበት ምክንያት የለውም። ዬል ዩኒቨርሲቲ በ2015 በሙከራ ጀምሮ በ2017 በመላው ግቢ ያስፋፋው አሠራር ሲጀመር ለአንድ ቶን 40 ዶላር በየክፍሉ ላይ ያስከፍልና ገንዘቡን መልሶ ያከፋፍል ነበር፤ ከሌሎቹ የበለጠ የቀነሰ ክፍል ያተርፍ፣ ያልቀነሰ ይከፍል ነበር። ይህ እንዲሠራ ግን በየሕንፃው ቆጣሪ ያስፈልጋል። ግቢው በአንድ ዋና ቆጣሪ ብቻ የሚለካ ከሆነ የመጀመሪያው በጀት የቆጣሪ በጀት ነው። ሌላው መሣሪያ ተዘዋዋሪ ፈንድ ነው፤ ከመብራት፣ ከመቆጣጠሪያ ማስተካከያና ከስቲም ትራፕ (ከእንፋሎት መስመር ውሃ የሚያስወጣ ቫልቭ) ጥገና የሚተርፈው የኃይል ወጪ ወደ ፈንዱ ተመልሶ የሚቀጥለውን ሥራ ይሸፍናል። የመቆጣጠሪያ ማስተካከያ ብቻውን በብዙ ሕንፃዎች ከ5 እስከ 15 በመቶ ኃይል ይቆጥባል፤ ሆኖም አንድ ሰው ማሽኑ የሚበራበትንና የሚጠፋበትን ሰዓት «ለጊዜው» ብሎ ከቀየረ በኋላ ሳይመልሰው ስለሚቀር ቁጠባው በጥቂት ዓመት ውስጥ ይተናል። በየሦስት ዓመቱ መድገም ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ስለ ሰነዱ አጻጻፍ። የግቡ አንቀጽ የመነሻውን ዓመትና ቶን፣ ወሰኑን፣ በየአምስት ዓመቱ የሚደረስበትን ቶን፣ የዘመኑን ድምር በጀት፣ የማካካሻውን ጣሪያና ለእያንዳንዱ የአምስት ዓመት ክፍል የሚሠሩትን ሥራዎች ከነበጀታቸው ይያዝ። ፕሬዚዳንቱ ብቻ ሳይሆኑ የፋይናንስና የጥገና ኃላፊዎቹም ይፈርሙበት። በቦርድ ደረጃ የሚጸድቅ የግንባታ ፕሮጀክት ሁሉ በበጀቱ ላይ የሚያመጣው ቶን በአንድ መስመር ተጽፎ ይቅረብ።

ስለማይሳካው ዓመትም የተጻፈ ደንብ ይኑር። የዓመቱ ልቀት ከበጀቱ ከበለጠ ዘገባው በስድስት ወር ውስጥ ይወጣል፤ መብለጡ ከአየር ጠባዩ፣ ከመረቡ፣ ከአዲስ ሕንፃ ወይም ከዘገየ ሥራ የመጣ መሆኑ ተለይቶ ይጻፋል፤ የበለጠው ቶን ከሚቀጥሉት ዓመታት በጀት ላይ ይቀነሳል፤ ከሥራዎቹም መካከል የትኛው ቀድሞ እንደሚመጣና በማን ኃላፊነት እንደሚሠራ በዚያው ዘገባ ላይ በስም ይጠቀሳል።